በግንቦት ያሳዩኝን ቤት በመስከረም አስለካሁት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ብርቄ «ትንሿ ልጃችን ሥራ የያዘችበት ዓመት ነው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር በተከራየንበት ግቢ ያለው ቧንቧ ወር ሙሉ ደርቆ ጀሪካን ተሸክመን የከረምንበት ዓመት ነው እላለሁ። ሁለታችንም ልክ ሳንሆን አንቀርም። ወሩን ከጠየቃችሁኝ ግን ግንቦት ነው። ዓመቱን ብረሳ ማንም አይቀየመኝ፤ ወሩን ብረሳ ኖሮ ግን ዛሬ ይህን የምጽፍበት ጣሪያ አይኖረኝም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ያን ጊዜ ቤቱን ያገኘልን ደላላ ነው። ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ላሳይ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ከሐኪሙ ወጥቼ ከሐይቁ መንገድ ዘንባባ ሥር አረፍ እንዳልሁ አንድ ሰው ከኋላዬ «አባ መስከረም» ብሎ ጠራኝ። ዞር ብል እሱ ነው። ያን ጊዜ ቀጭን ነበር፤ ጫፉ የሾለ ጫማ ይጫማል፣ ከደረት ኪሱም ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ አንደኛው እንደማይጽፍ አውቅ ነበር። አሁን ሆድ አውጥቷል፣ ጠጉሩም ሸብቷል። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ያዝሁት።

«አሁንም እዚያው ነዎት?» አለኝ።

«እዚያው ነኝ።»

«ውኃው አልወሰደዎትም?»

«ሊወስደኝ የሚችልበት ቦታ ላይ አልተኛሁለትማ» አልሁት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቂም የለኝም። ነገር ግን አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ እስክወርድ ድረስ ያ ክረምት ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

እኔ እንግዲህ የገመድ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በፊት የማውቀው ጽሑፍ ቢኖር ቋጠሮ ብቻ ነበር። በወጣትነቴ ከባሕር ዳር ተነሥታ ቁንዝላ የምትደርስ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተሻግራ የቆላ ድባን እህል ጭና የምትመለስ የብረት ጀልባ ነበረች፤ የእሷ ገመድ ወርዋሪ ነበርሁ። ካኪ ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ነበር ልብሳችን። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በስሙኒ፤ ሁለት ብር ኪሱ ያለው ሰው ወደቡ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ተማሪዎቹ ያን እግሩ የሰፋ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው፣ ትንሽ ሬዲዮ በትከሻቸው አንጠልጥለው ይሳፈራሉ፤ ጀልባዋ ከዳር ስትርቅ ሬዲዮው መንጫጫት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች ዘፈኑን ካቆመበት ተቀብለው ይጨርሱታል። ካፒቴናችን ዝም ያለ ሰው ነበር፤ ባሕር ዳር ላይ ሲወርድ ካልሆነ በቀር አፉን አይከፍትም። አንድ ነገር ግን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይናገር ነበር፦ «ጣና ሁለት ነው፤ የበጋው ጣና አለ፣ የክረምቱ ጣና አለ። ሁለቱን አንድ ያደረገ እግሩ ይርሳል።» እውነቱን ነው። በግንቦት ቁንዝላ ስንደርስ ጀልባዋ ዳር አትጠጋም፤ ሁለት ሳንቃ አጋጥመን እንዘረጋለን፣ ከሳንቃው በኋላም ጭቃ አለ፣ እናቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው በእኔ ክንድ ተደግፈው ነው የሚወርዱት። በመስከረም ያችው ጀልባ ሣር ላይ አፍንጫዋን ታሳርፋለች፤ ፍየል እንኳ ዘልላ ትወርዳለች። ይህን በዓይኔ ብቻ ሳይሆን በክንዴ አውቀዋለሁ፤ የገመዱ ርዝመት በየወሩ ይለያይ ነበርና።

ወደ ቤቱ ነገር ልመለስ። ግሽ ዓባይ አሥራ አራት ዓመት ኖረናል፤ ስድስት አባወራ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ሽንት ቤት። አከራያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ቀን ግን ብርቄን ጠርተው ግቢውን አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩ እንደሆነ፣ እስከ ገና ብቻ እንደሚታገሡን ነገሯት። ብርቄ ያን ዕለት ራት አልበላችም። «የራሴ በር ሳይኖረኝ ልሞት ነው» አለች። የተወለደችው ከቁንዝላ ትንሽ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው፤ እዚያ ቤት ቢገኝ ስትል ኖራለች። የነበረን ጥሪት አንድ ቤት ብቻ የሚገዛ ነው፤ እሱም የገጠር ቤት። ከተሳሳትን ደግመን የምንገዛበት ጉልበትም ዕድሜም የለንም። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር፣ አንናገረውም እንጂ።

ደላላው ቤቱን ያገኘልን በዚያ ግንቦት ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ ግድግዳው በጭቃ በደንብ የተለሰነ፣ ከበሩ ፊት ማንጎ ያለበት፤ ከመንገዱ ዳር በቅንጭብ ታጥሮ እስከ ሐይቁ ድረስ ቁልቁል የወረደ ቦታ። ባለቤቱ አያ ዳኛው ይባላሉ፤ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው ቀርተዋል፣ እሳቸውም ወደ ልጃቸው ሊጠቃለሉ ነው። ብርቄ ማንጎውን ስታይ ፊቷ በራ። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ እንደ አገሩ ወግ ድንበሩን ከላይ እስከ ታች በእግራቸው ረገጡት፣ በአራቱም ማዕዘን ችካል ተተከለ። የታችኞቹ ሁለት ችካሎች የተተከሉት ከውኃው ጫፍ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ነው። አንደኛው ሽማግሌ መረቁን። ደላላው ወረቀቱን አወጣና የሚጽፈውን እስክሪብቶ ሰጠኝ።

«አያ ዳኛው» አልሁ፣ «በመስከረም ውኃው እስከየት ይደርሳል?»

«ያው ይመጣል፣ ይሄዳል» አሉኝ።

«ሲመጣ እስከየት?»

«እንደ ዓመቱ ነው እንጂ።»

እስክሪብቶውን መለስሁለት። «እንግዲያውስ በመስከረም በቀያሽ አስለክቼ እፈርማለሁ» አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መራቂው ምርቃቱን መመለስ ያማረው ይመስል ነበር። «እኛ በእግራችን የረገጥነው ድንበር በሜትር ይፈተሻል?» አለ። ደላላው ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፦

«አባባ፣ መሬት እኮ የመንግሥት ነው። እርስዎ የሚገዙት ቤቱን ነው። የማይገዙትን ነገር ለምን ያስለካሉ?»

«ቤቱ የቆመው በምን ላይ ነው?»

«በመሬት ላይ።»

«እንግዲያ የቆመበትን ልወቀው።»

«ባለቤትዎንም እንዲህ አስለክተው ነው ያገቧት?»

«እሷ ናት የለካችኝ» አልሁት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ብርቄ ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ነው ስሜ የወጣው። ከመንገድ ላይ ሳንደርስ ልጆቹ «አባ መስከረም፣ አባ መስከረም» እያሉ ይከተሉን ጀመር።

ብርቄ በጀልባም በአውቶቡስም አላናገረችኝም። ቤት ስንገባ ነው የተናገረችው። «የሰው ፊት አጠቆርህብኝ፤ ያገሬን ሽማግሌ አዋረድህብኝ» አለች። «ሌላ ገዢ ቢመጣስ?» አለች። «እስከ መስከረም አራት ወር ነው፤ አከራያችን የሰጡን እስከ ገና ነው፤ ደግሞ የት ልንፈልግ ነው?» ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። እኔ የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያን ዳር አውቀዋለሁ።» በዚያ ክረምት ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልሁት አልቆጠርሁም። ደላላው በየሳምንቱ እየመጣ አንድ ጊዜ የጎንደር ነጋዴ፣ አንድ ጊዜ የባንክ ሠራተኛ ቤቱን ሊወስደው ነው ይለኛል፤ እኔም «ይባርክላቸው» እለዋለሁ። ጎረቤቶቻችን ይስቃሉ። ልጄ እንኳ በስልክ «አባዬ፣ ለምን ግትር ትላለህ?» አለችኝ። በጠባዬ ግትር አይደለሁም። ሰው ሲቆጣ ዝም እላለሁ፣ መንገድ እለቃለሁ፣ ወረፋዬን ለሴት እሰጣለሁ። ያን ጊዜ ግን ልቤ ቆረጠ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች ሰዎች በደረቅ እግራቸው እንዲወርዱ ሳንቃ ስዘረጋ ኖሬ ለራሴ ሲደርስ ዓይኔን ጨፍኜ አልዘልም።

ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ቀያሹ በሥራ የደከመው፣ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለበጠ ሰው ነበር። በመጀመሪያው «ከአጨዳ በኋላ ይምጡ፣ በመስከረም የሚለካ የለም» አለኝ። ሁለተኛውን ጊዜ «አባቴ፣ ለምን በመስከረም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ስለ ሳንቃው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሁለቱ ጣና ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማኝ። በሦስተኛው፦

«እመጣለሁ» አለ። «ነገር ግን ያለ አዋሳኝ አልለካም። ድንበርተኛው በቦታው ቆሞ አይቶ መፈረም አለበት። አንድ ድንበርተኛ ያምጡልኝ።»

እዚህ ላይ ነበር መሰበሬ። የቦታው ድንበር በአንድ ወገን መንገዱ ነው፣ በአንድ ወገን ሐይቁ ነው፤ መንገድና ሐይቅ አይፈርሙም። በሰሜን በኩል ያለው ጎረቤት የአያ ዳኛው የክርስትና ልጅ ነው፤ ገና ከበሩ ስደርስ «ጤፌን አረም በልቶታል፣ ጊዜ የለኝም» አለኝ። የቀረችው በደቡብ በኩል ያለችው ናት፤ እሷ ደግሞ የአያ ዳኛው የእናት ልጅ፣ ታናሽ እኅታቸው ናት። በመንደሩ ሁሉም «የእንዳለ እናት» ነው የሚላት። እኅት በወንድሟ ላይ ቆማ ትመሰክርልኛለች ብዬ አላሰብሁም፤ እንዲያው እግሬ ስለ ደረሰ ሄድሁ። ከደጇ ቁጭ ብላ የአሣ መረብ ትጠግን ነበር። የመጣሁበትን ስነግራት መርፌዋን አላቆመችም።

«ወንድሜ ይቆጣል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሽማግሌዎቹም ይቆጣሉ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፦ «ነገ ጎረቤቴ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት፤ ወንድሜማ ከተማ ሊገባ ነው» አለች። «በየመስከረሙ አልጋዎን ተሸክመው ከበሬ ቆመው ከሚረግሙኝ፣ እሱ ዛሬ ቢቆጣኝ ይሻለኛል። መቼ ነው ሰውየው የሚመጣ?»

አልጋ ተሸክሞ መቆም ያለችው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ከመስቀል በኋላ ነው የገባኝ።

የአደይ አበባው ገና አልረገፈም ነበር። ከቀያሹ ጋር በማለዳ ደረስን፤ ብርቄም መጥታለች፣ ሳታናግረኝ። ከመንገዱ ቆመን ቁልቁል ስናይ በግንቦት ያየነው ቦታ የለም። ሣሩ የለም፣ አሸዋው የለም። ጣና ተነሥቶ ማንጎውን ከግንዱ ይዞታል፣ የቤቱን ደረጃ ድንጋይ ማዕበሉ ይልሳል። አያ ዳኛው ከቤታቸው የሉም፤ ከላይ በኩል ካለው የዘመዳቸው ቤት ወጥተው መጡ። አልጋቸውን፣ ጋኑን፣ ሁለቱን ፍየሎች ይዘው ከወጡ ሳምንት ሆኗቸዋል። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ ቀሪው ዕቃ በድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ተቀምጧል።

«አያ ዳኛው» አልሁ፣ «ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«ውኃው ቤት እንደሚገባ።»

ከልባቸው ተገረሙ። «ይህ ይነገራል እንዴ? ክረምት ሲሆን ይዘንባል ብዬም ልንገርዎ? ሁልጊዜም አይገባም፤ ዓመት እየዘለለ ነው። ሲመጣ እኛ ሁለት ሳምንት ወደ ላይ እንወጣለን፤ እሱ ሲሄድ እኛ እንመለሳለን። አባቴም እንዲሁ ነበር፣ አያቴም።»

ያን ጊዜ አልዋሹኝም። ሽማግሌዎቹም አልዋሹኝም። ለእነሱ ባሕር ሸሽ የሚሉት፣ ውኃው ሲሸሽ የሚታረሰው መሬት፣ ቤቱን ተከትሎ የሚሄድ የቤቱ ጭራ ነው፤ ሲታይም የእነሱ ነው፣ ሲሰጥምም የእነሱ ነው። ጣናን እንደ አንድ ተመላላሽ ቤተ ዘመድ ነው የሚያዩት፤ ሲመጣ ቦታ ይለቁለታል። እኔ ግን በስልሳ ዓመቴ አልጋ ተሸክሜ ሽቅብ መውጣት አልችልም፤ ብርቄም ጉልበቷን ታማለች።

ቀያሹ የሜትሩን እጀታ ከቅንጭቡ አጥር ሥር ያዘ። «ጫፉን ወደ ታች የሚይዝልኝ ማን ነው?» አለ። ሊያይ የተሰበሰበው መንደርተኛ ሁሉ እግሩን አየ። እኔ ልወርድ ጫማዬን ሳወልቅ ብርቄ ነጠላዬን ያዘችኝ፤ ሳል ይዞኝ የከረምሁ ሰው ነኝ። በዚህ መሐል የእንዳለ እናት ቀሚሷን ከወገቧ ላይ አሰረችና ጫፉን ከቀያሹ እጅ ተቀብላ ወረደች። ከውኃው ጫፍ ስትደርስ ቆመች፤ ቀያሹ አነበበ፤ ሠላሳ አንድ ሜትር። ጻፈ።

«አሁን ወደ ችካሉ» አለ።

«ችካሉ ከየት ይገኛል?» አለ ደላላው፣ «ዓሣ ወስዶታል።»

እሷ ግን ገባች። ውኃው ከጉልበቷ አለፈ፣ ከወገቧ አለፈ፣ ከደረቷ ደረሰ። በእግሯ ጣት እየዳበሰች ትሄዳለች። አያ ዳኛው ከዳር ሆነው «ውጪ፣ አንቺ ሴት፣ ብርድ ይግደልሽ እንዴ?» ይላሉ። ቁጣ ይሁን ስስት አልለየሁም። ድንገት ቆመች። «ይኸው፣ ረግጬዋለሁ» አለች። «ችካላችሁ እግሬ ሥር ነው። አንብቡ።»

ሰባ ስምንት ሜትር ነበር።

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ልጆቹም አልጠሩኝም። ቀያሹ ሁለቱንም ቁጥር ጻፈና «ከዚህ ውስጥ ደረቁ ሠላሳ አንዱ ነው» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበው። ብርቄ መጥታ ከጎኔ ቆመች፤ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እንግዲህ አይገዙትማ» አሉ አያ ዳኛው።

«እገዛዋለሁ» አልሁ። «የምገዛው ግን ደረቁን ነው። ቤቱ ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ይቆማል፤ ወረቀቱም ድንበሩን እስከ መስከረም ውኃ ጫፍ ብሎ ይጽፋል። ባሕር ሸሹን እርስዎ ያሳርሱት፣ ዘመድዎ ይረሰው፤ እኔ ከጣና ጋር አልካፈልም።»

ተቆጥተው ሄዱ። ከወር በላይ ድምፃቸው ጠፋ። የጎንደሩ ነጋዴም የባንኩ ሠራተኛም አልመጡም፤ ያሉ እንደሆነም አላውቅም። በኅዳር ደላላው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መጣና «ተስማምተዋል» አለኝ። ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ምሰሶው ተነቀለ፣ ቤቱ በሰው ትከሻ ሽቅብ ወጣ። ማንጎው ከታች ቀረ። ብርቄ ለማንጎው አለቀሰች፤ እኔም ከፋኝ፣ ግን አልተመለስሁም። የገናን ዋዜማ ያደርነው በራሳችን በር ውስጥ ነው።

አሁን ቤቴ በዚያ ዳር ካሉት ቤቶች ሁሉ ከሐይቁ የራቀ ነው። ከከተማ የሚመጡ ሰዎች ከመኪናቸው ወርደው «አባባ፣ ይህን የመሰለ ሐይቅ እያለ ምነው ጀርባ ላይ ሠሩ?» ይሉኛል። ስልካቸውን አውጥተው የሚገዙትን ቦታ ፎቶ ያሳዩኛል፤ አሸዋው ነጭ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ ውኃው ሩቅ። ፎቶ ሁሉ የሚነሣው በግንቦት ነው። በመስከረም ያስለኩ እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ጊዜ የለኝም ይላል፤ አንዱማ ለሽማግሌ የሚገባውን ፈገግታ ሰጥቶኝ ሄደ። ይሂድ። ይሳቅ። እኔ የአገሩን ሽማግሌ የማላምን ተብያለሁ፣ ግትር ተብያለሁ፣ ስሜም ወር ሆኖ ቀርቷል፤ ዛሬም ወደ ኋላ ተመልሼ ያን እስክሪብቶ ቢሰጡኝ ያንኑ ነው የማደርገው። ለመጠየቅ ፊደል አይፈለግም። አሁን እምቦጩ መጥቶ ሐይቁን ሲያለብሰው፣ ውኃውም እንደ ድሮው በልኩ አይመላለስም ሲሉ እሰማለሁ፤ ይሁን፣ እኔ ከላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ሰው ግን ይህን ሲሰማ የረዳኝ ቀያሹ ብቻ እየመሰለው እሱን ያመሰግናል። ቀያሹ ሥራውን ሠርቷል፣ እግዜር ይስጠው። ለእኔ የሆነችልኝ ግን ሌላ ናት። ወንድሟ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ደጇን አልረገጡም፤ በበዓል እንኳ ሳህኗን መለሱባት። አንድም ቀን ለዚህ ነገር ስሜን አንሥታ አልወቀሰችኝም። የሚጠራት ሁሉ ዛሬም «የእንዳለ እናት» ነው የሚላት፤ የራሷን ስም የሚያነሣ የለም። ያ የመስከረሙ የልኬት ወረቀት ኋላ በኅዳር የውላችን ወረቀት ሆነ፤ በላዩ የሻጩ ስም በጥሩ ጽሕፈት አለ፣ የእኔም አለ፣ የቀያሹም፣ የሦስቱም ሽማግሌዎች፤ አዋሳኝ በሚለው ላይ ግን ያን ቀን ከውኃ እንደወጣች በእርጥብ ጣቷ ስላተመች ቀለሙ ተሰራጭቶ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለው፤ ያየው ሁሉ ቀለም ፈሶበታል ይላል። አልፈሰሰበትም። ያቺ ማንጠግቦሽ ናት።